የዋቢ ጽሑፎች አመዘጋገብ ታሪክና የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም

አንድ የጥናት ጽሑፍ ዋቢዎቹን የሚዘረዝረው አንባቢው ወደ ምንጩ ተመልሶ የቀረበውን ሐሳብ እንዲመረምር ነው። የደራሲውን ስምና የኅትመቱን ዓመት በቅንፍ የማመልከት ልማድ ብዙውን ጊዜ የሚያያዘው ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ከኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ ጋር ሲሆን፣ እርሱም በ1881 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ዘዴ ሠርቶበታል። በ1929 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ለሥነ ልቡና መጽሔቶች ጸሐፊዎች 7 ገጽ ያህል መመሪያ ታተመ፤ ይኸውም እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የማኅበሩ ደንብ ሆነ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ደንቦች የወጡት የቤተሰብ ስም በተለመደበት ኅብረተሰብ ነው። በኢትዮጵያ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ስለዚህ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ በ«ዓለማየሁ» ሥር ቢመዘገቡ፣ ሥራው ለአባታቸው የተሰጠ ያህል ይሆናል፤ በ«ሀዲስ» የሚፈልገውም አያገኘውም። መጽሐፉ የታተመበት 1958 ዓ.ም. አቆጣጠሩ ሳይገለጽ ሲጻፍም፣ ለውጭ አገር አንባቢ 7 ወይም 8 ዓመት ቀድሞ የታተመ ይመስለዋል።

ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በ5 ቅጾች የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም መመዝገቡ መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑን ያሳያል። እንግዲህ ስምን በባለቤቱ ቅደም ተከተል፣ ዓመትንም ከነአቆጣጠሩ መጻፍ ደንብ ማፍረስ ሳይሆን ደንቡ የወጣበትን ዓላማ መፈጸም ነው።