የዐይን ሕመምና የቃል ትምህርት በደብረ ታቦር ዙሪያ

ትራኮማ በደቡብ ጎንደር ደጋ የአብነት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) መምህራንን ሲያሠቃይ የኖረ ሕመም ነው። በልጅነት ይጀምራል፤ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ እየተላለፈ በተደጋገመ ቁጥር የዐይን ሽፋን ውስጡ ጠባሳ ይይዛል። ጠባሳው ሽፋኑን ወደ ውስጥ ሲያጥፈው የሽፋሽፍቱ ፀጉር ብሌኑን ይፍቃል። ታማሚው በወረንጦ ቢነቅለውም ተመልሶ ይበቅላል፤ ሳይታከም ከቆየ ብርሃን ይጠፋል።

ብርሃናቸውን ያጡ መምህራን ግን ጉባኤያቸውን ሳይበትኑ ማስተማር ይችሉ ነበር። ይህን ያስቻለው የትምህርቱ ጠባይ ነው። የጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ የዙር አምባ ዝማሬና መዋሥእት፣ የደብረ ታቦር አቋቋም ሁሉም የዜማ ትምህርቶች ናቸው፤ በቃልም ይያዛሉ። ድጓ ምልክት ያለው መጽሐፍ ቢሆንም መምህሩ (የኔታ)፣ ተማሪው ሲያዜም በጆሯቸው ይከተላሉ፤ ዜማው ከሳተ ያስቆሙታል። የዕድሜ ልክ ዕውቀት ከዐይን ጋር አለመጥፋቱ የዚህ ሥርዓት ታላቅ ጸጋ ነው። የቀረውን ተማሪው ይሸፍናል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ መምህሩን እየመራ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። የሚያሳዝነው፣ የተማሪው የተፋፈገ ጎጆና የውኃ እጥረት ለበሽታው የተመቹ መሆናቸው ነው።

በሰሌዳና በፈተና ወረቀት ለሚሠራው የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህር ግን የዐይን ሕመም ይበልጥ ከባድ ሆነ። የበሽታው ስፋት በጥናትም ታይቷል፤ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 63 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። የትራኮማ መከላከያ ስልት የሽፋን ቀዶ ጥገናን፣ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት፣ ፊት መታጠብንና መጸዳጃ ቤትን ያጣምራል።