ቦሎ፦ የተለጠፈው ወረቀትና ያልታየው ፍሬን

ድሬዳዋ ላይ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ቦሎ የሚያሳድስበት ቀን ሲቃረብ ምን እንደሚያደርግ ሞተረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስፖኪዮ ከጓደኛው ይዋሳል። የተቃጠለችውን የፍሬቻ አምፖል ይቀይራል። ጎማው ከላሸ ለአንድ ቀን የሚሆን ጎማ ያፈላልጋል። ሞተሩን አጥቦ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብቶ፣ ሊብሬውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ይዞ ይሄዳል። ያልፋል። ማታ ስፖኪዮው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከወር በኋላ ደግሞ ባለስፖኪዮው በተራው የኋላ መብራት ሊዋስ ይመጣል።

እንግዲህ «ያገለገለ ሞተር ሳይክል ዓመታዊ ምርመራውን የማለፍ ዕድሉ ምን ያህል ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አጭር ነው። የተዘጋጀ ሞተር ያልፋል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ያለፈው ሞተሩ ነው ወይስ ቀኑ? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

▪️ ቃሉ ራሱ ይናገራል

ቦሎ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ማኅተም፣ ቴምብር ማለት ነው። ጣሊያኖች ዛሬም ለመኪናቸው በየዓመቱ የሚከፍሉትን ግብር በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. በኦጋዴን በኩል የመጣው የግራዚያኒ ጦርና ከአዲስ አበባ በባቡር የተላከው የባዶሊዮ ጦር ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ከፋሽስቶች እጅ ወጣች። ወታደሩ ሄደ፤ የመካኒኩ መዝገበ ቃላት ግን በመላ አገሪቱ ቀረ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቴና፣ ፍሬቻ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ… አንድ የድሬ መካኒክ ሞተር ፈትቶ እስኪገጥም ድረስ የሚጠራቸው ስሞች አብዛኞቹ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሕጉ ጉዳዩን «ዓመታዊ ምርመራ» ይለዋል። ሕዝቡ ግን «ሞተሬን አስመረመርኩ» አይልም፤ «ቦሎ አሳደስኩ» ነው የሚለው። ከሥራው ይልቅ ማኅተሙ፣ ከምርመራው ይልቅ ወረቀቱ ስም አገኘ። ቋንቋ አይዋሽም። ሰው አንድን ነገር የሚጠራው ከነገሩ ውስጥ ባየው ነው። ባለሞተሩ ያየው ደግሞ ክፍያና የሚለጠፍ ወረቀት ነው።

▪️ ምርመራን የምታውቅ ከተማ

የሚገርመው ይህ የሚሆነው ድሬዳዋ ላይ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ድሬዳዋ ከማሽን ምርመራ ጋር አብራ የተወለደች ከተማ ናት።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የምድር ባቡር ፈቃድ ሐዲዱን ከጅቡቲ አስነስቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር አደረሰው። ወደ ሐረር መውጣቱ ከባድና ውድ ስለነበር ባቡሩ ቆላው ላይ ቆመ። ከተማዋም እዚያው በቀለች፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተባለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ባለው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ላይ ዋናው የጥገና ወርክሾፕ የተተከለው ግን ድሬዳዋ ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የከዚራና የመጋላ ልጆች ብረት መቅለጥንና መላግን፣ ቦይለርና ጎማ ማዳመጥን የተማሩት እዚያ ነው።

«ማዳመጥ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንፋሎት ባቡር ዘመን በየአገሩ ያሉ የባቡር ሠራተኞች የብረት ጎማውን በመዶሻ መትተው ድምፁን ይሰሙ ነበር። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ብረት ግን ድምፁ ይታፈናል። ይህ ምርመራ ዓመት አይጠብቅም። የሚደረገው ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ውጤቱም የሚታየው ወዲያው በሚጀመረው ጉዞ ላይ ነው። ለባቡሩ ሰው ምርመራ ማለት ከቢሮ የሚመጣ ማኅተም አልነበረም፤ ነገ በሕይወት የመመለስ ጉዳይ ነበር።

▪️ ሌሎች እንዴት ጀመሩት?

በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነው የጀርመኖች የቴክኒክ ምርመራም የተወለደው ከእንፋሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ማንሃይም ከተማ በአንድ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ፈነዳ። በዓመቱ፣ በ1866፣ የቦይለር ባለቤቶች ራሳቸው ተሰባስበው ቦይለሮቻቸውን የሚያስመረምሩበት ማኅበር አቋቋሙ። መንግሥት ሳያስገድዳቸው፣ ፍንዳታው አስገድዷቸው። ዛሬ ጀርመን ውስጥ መኪናና ሞተር ሳይክል የሚመረምሩት ቱፍ የሚባሉት ድርጅቶች የእነዚያ ማኅበራት ልጆች ናቸው።

እንግሊዞች የግዴታ ምርመራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን በመጀመሪያ የተመለከተው ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ተሽከርካሪን ብቻ ነበር። የወደቀው ብዛት አስደንጋጭ ስለሆነ በማግሥቱ ዓመት ወደ ሰባት፣ በ1967 ደግሞ ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ አደረጉት። እዚያ ምርመራው የሚታመነው ብዙ ስለሚያሳልፍ አልነበረም። ስለሚጥል ነው። የማይጥል ፈተና ፈተና እንዳልሆነ ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

▪️ ከተርብ እስከ ባጃጅ

አሁን ወደ ድሬ ጎዳና እንመለስ። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ፀሐይዋ ደግሞ ለእግረኛ አታዝንም። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ለመመላለስ ሁለትና ሦስት እግር ያለው ነገር ይስማማታል። ዛሬ መንገዱን የሞላችው ሰማያዊዋ ባጃጅ የሕንድ ሥራ ብትሆንም የዘር ሐረጓ ወደ ጣሊያን ይመዘዛል። ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ አፔ የተባለችውን ባለ ሦስት እግር ሠራ። ቬስፓ ተርብ፣ አፔ ንብ ማለት ነው። ባጃጅ ኩባንያ በ1960 ገደማ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ሕንድ ውስጥ ማምረት ጀመረ። እናም ቦሎ የሚለው ቃልና ቦሎ የሚለጠፍባት ባለ ሦስት እግር፣ በተለያየ ዘመንና በተለያየ መንገድ ከአንድ አገር ተነስተው ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ድሬ ግን የጅቡቲ በርም ናት። በር ያለው ከተማ ኮንትሮባንድም አለው። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሲሸጥ የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ፍሬኑ እንዴት ነው?» አይደለም። «ወረቀቱ ንጹሕ ነው?» ነው። የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል? ሕጉም ቅደም ተከተሉን እንደዚሁ ያስቀምጠዋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 በስሙ ላይ የሚያነሳው ተሽከርካሪን መለየትን፣ መመርመርንና መመዝገብን ነው። መለየት ቀዳሚ፣ መመርመር ተከታይ።

ይህ ስህተት አይደለም። የሰረቁትን ሞተር ማንም እንዳይነዳው መለየት ያስፈልጋል። ችግሩ የሚመጣው መለየቱ መመርመሩን ሲውጠው ነው። ቁጥሩ የገጠመ፣ ፍሬኑ ያለቀ ሞተር በቀላሉ ያልፋል። ፍሬኑ እንደ አዲስ የሚይዝ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር ግን ይያዛል። ሁለተኛው ለሕግ አደገኛ ነው፤ መንገድ ለሚሻገር ሕፃን የሚያሰጋው ግን የመጀመሪያው ነው።

▪️ የ364ቱ ቀን ጉዳይ

ቀላል ስሌት እንሥራ። በቀን 60 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ሞተር በዓመት ወደ 22 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በዚህ ርቀት ውስጥ የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ካቴና ይረግባል፣ የኋላ ጎማ ይላሻል፣ ኩሽኔታ ይጮኻል። የቦሎ ቀን የታየው ሸራ ዓመቱ ሳይጋመስ ላይኖር ይችላል። ወረቀቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ተለጥፎ ይኖራል።

ከተማ ውስጥ በሜዳው ሲነዳ ይህ ጉድለት ይደበቃል። ደንገጎ ላይ ግን አይደበቅም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ሐረር የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ደንገጎ ላይ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ያንን ቁልቁለት ሰው ጭኖ የሚወርድ ሞተረኛ በማርሽ ካልያዘና ፍሬኑን ብቻ ካመነ፣ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። ግቢ ውስጥ ቆሞ በእጅ ሲጨመቅ «ይይዛል» የተባለ ፍሬን የሚፈተነው እዚያ ነው። በዚያ ሰዓት መርማሪም፣ የተዋሰ ስፖኪዮም አጠገብ የለም።

▪️ ታዲያ ይቅር?

«እንዲህ ከሆነ ምርመራው ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከ200 ሺህ በላይ መኪኖችን በዕጣ ለሦስት ከፍለው ጥናት ተደርጎ ነበር። አንዱ ቡድን በየዓመቱ ተመረመረ፣ ሌላው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ሦስተኛው ጭራሽ አልተመረመረም። የተመረመሩት መኪኖች የቴክኒክ ይዞታቸው ተሻሽሎ ተገኘ። በአደጋ ብዛት ግን በሦስቱ መካከል ልዩነት አልታየም።

ነገር ግን ይህን ውጤት ቀድቶ ድሬዳዋ ላይ መለጠፍ ራሱ ሌላ ዓይነት ቦሎ ነው። የኖርዌይ ባለመኪና ማንም ሳያስገድደው መኪናውን ያሠራል፤ መለዋወጫውን ያገኛል፤ መንገዱ ደህና ነው። ለብዙ የድሬ ሞተር ግን የቦሎ ቀን በዓመት ውስጥ ከባለቤቱ ሌላ ሰው የሚያየው ብቸኛ ቀን ነው። ያንን አንድ ቀን ማጥፋት ብልህነት አይደለም። ሌላም ጉዳይ አለ። የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተጎጂውን የሚያስበው ከአደጋው በኋላ ነው። ከአደጋው በፊት የሚያስበው ምርመራው ብቻ ነው።

ምርመራ እምነት ሲያጣ ምን እንደሚከተል አዲስ አበባ አሳይታለች። በሞተር ሳይክል ወንጀል ይፈጸማል ተብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከሌለው በስተቀር ሞተር በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ቦሎ የነበረውም ያልነበረውም አብሮ ቆመ። ማንነቱ የተመዘገበ፣ ይዞታው የተመረመረ ሞተር ከሌላው የሚለይበት የታመነ ምልክት ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። መንግሥት መለየት ሲያቅተው በጅምላ ይከለክላል። ስለዚህ ቦሎን ቀልድ የሚያደርገው ሞተረኛ የሚያታልለው መርማሪውን ብቻ አይደለም። ነገ «እኛ ሕጋዊ ነን» ብሎ የሚከራከርበትን ማስረጃ በገዛ እጁ እያረከሰው ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። እንግሊዝ አገር ዛሬ ማንም ሰው የሰሌዳ ቁጥር አስገብቶ ያ መኪና ወይም ሞተር መቼ እንዳለፈ፣ መቼና በምን ምክንያት እንደወደቀ በነፃ ያያል። ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው። «አለፈ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረውም፤ «አምና በፍሬን ወድቆ፣ ተሠርቶ አለፈ» የሚለው ግን ብዙ ይነግረዋል። የወደቀበት ታሪክ ያለው ሞተር ቢያንስ ያየው ሰው እንዳለ ይታወቃል።

ሁለተኛው፣ ሰው የሚጭነውንና ለግል የሚነዳውን በአንድ ዓይን አለማየት ነው። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሞተርና ባጃጅ በሦስት በአራት ወር አንዴ ለፍሬንና ለጎማ ብቻ ዐሥር ደቂቃ ቢታይ፣ ከዓመታዊው ሰልፍ የበለጠ ሕይወት ያተርፋል። ይህን የራሳቸው የሞተረኞች ማኅበራት ሊጀምሩት ይችላሉ። የማንሃይም ባለቦይለሮችም የጀመሩት እንዲሁ ነው፤ ፍንዳታውን አይተው፣ ቀጣዩን ሳይጠብቁ።

ድሬዳዋ ይህን ለመማር ወደ ጀርመን መሄድ አይጠበቅባትም። አባቶቿ ብረት በመዶሻ መትተው ድምፁን ያዳምጡ በነበረበት ወርክሾፕ አጠገብ ነው ልጆቿ ዛሬ ሞተር የሚነዱት። አቦ፣ ስፖኪዮ መዋስ ይቻላል። ጎማም ለአንድ ቀን ይገኛል። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ፍሬን የሚያውስ የለም።