ከፍል ውሃ እስከ እንክብል፦ የጥፍር ፈንገስ ሕክምና አጭር ታሪክ



አምቦ ቀድሞ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። ቆዳው የታመመ ሰው ፈውስ ፍለጋ ወደ ፍል ውሃዋ መምጣቱም የቆየ ልማድ ነው። የጥፍር ፈንገስ ግን መሸሸጊያው ከጥፍር በታች በመሆኑ ለውሃም ሆነ ለቅባት በቀላሉ አይበገርም።

መፍትሔው የተገኘው ከውስጥ በማከም ነው። ግሪሲዮፉልቪን እ.ኤ.አ. በ1939 ሎንዶን ውስጥ ከሻጋታ ተለይቶ ወጣ፤ በመካከሉ ለዕፅዋት በሽታ ተሞከረ። በአፍ ሲሰጥ የቆዳ ፈንገስን እንደሚያድን ጀንትልስ በእንስሳት ላይ ያሳየው ግን በ1958 ነው። መድኃኒቱ በደም ተጉዞ በአዲሱ ጥፍር ውስጥ ይሰፍራል፤ የታመመው ጥፍር እየተገፋ እስኪወጣ ድረስ ለእግር ጥፍር አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ መውሰድ ያስፈልግ ነበር። ኋላ የመጣው ተርቢናፊን በቀን 250 ሚሊ ግራም ሆኖ ጊዜውን ወደ 12 ሳምንት አሳጠረው።

ያጠረው ግን መድኃኒቱ የሚወሰድበት ጊዜ እንጂ ጥፍሩ የሚያድግበት ጊዜ አይደለም። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመታደስ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈልጋል። በጊንጪ መረሬ አፈር ክረምቱን በጭቃ ውስጥ የሚያርስ ገበሬ ይህ ካልተነገረው፣ «ጥፍሬ አልተለወጠም» ብሎ መድኃኒቱን በመንገድ ላይ ያቋርጣል፤ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል። የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አለመሆኑን፣ መድኃኒቱም ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል ስናስብ ደግሞ ምርመራው ከእንክብሉ መቅደም አለበት።

ስለዚህ የነገ ሐኪሞች ሆይ፣ መድኃኒት ስታዝዙ የጥፍሩን የጊዜ ስሌትም አብራችሁ ንገሩ።