ሁለቱ ሰንበታትና የገበሬው ሞፈር

ዓርብ ማታ ፀሓይ ስትጠልቅ የደጋው ገበሬ በሬዎቹን ከቀንበር ፈትቶ ሞፈሩን ከቤቱ ጥግ ያቆማል። በማግሥቱ ሰማዩ ዝናም ቢያረግዝ፥ እርሻውም ለዘር ቢደርስ፥ ብዙው ገበሬ ሞፈሩን አያነሣም። ገበያ መሄድና ቀለል ያለውን ጉዳይ መፈጸም በብዙ አገር አይነወርም፤ ምድርን በማረሻ መንካት ግን ነውር ነው። ለምን እንደ ሆነ የጠየቅነው እንደ ሆነ የሚመልስልን ቃል አጭር ነው፤ «ሰንበት ነዋ!» ይለናል። እኛም ይህን ስንሰማ ከልማድ የመጣ ነገር ነው ብለን ዝም ብለን እናልፋለን። ነገር ግን ይህች አጭር መልስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል የፈጀ ክርክር፥ ስደትና እሥራት፥ በመጨረሻም የብዙ ሰው ደም ያለባት መሆኗን ታሪክ ያስረዳናል።

አምልኮት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጀምርና ከዚያው ደጅ ያልቃልን? ወይስ ሰው በእርሻው፥ በገበያው፥ በቤተ ሰቡና በአገልጋዩ ላይ በሚያደርገው ሁሉ ይገለጣል? ይህ ጥያቄ በሌላ አገር በሊቃውንት ጉባኤና በመጻሕፍት ብቻ ሲመረመር የቆየበት ጊዜ አለ። በእኛ አገር ግን የሞፈርና የቀንበር ጥያቄ ሆኖ ገበሬውም፥ መነኵሴውም፥ ንጉሡም ተካፍለውታል። ስለዚህ አባቶቻችን በዚህ ነገር ምን እንዳሰቡና ምን እንደ ከፈሉ ባጭሩ ለመመልከት አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ከሁሉ አስቀድሞ የክርክሩን ሥር ማወቅ ይገባል። በጥንት ዘመን በምሥራቅ የነበሩ ብዙ ክርስቲያኖች እሑድን ስለ ጌታ ትንሣኤ፥ ቅዳሜን ደግሞ እግዚአብሔር ሥነ ፍጥረትን ፈጽሞ ስላረፈባት ያከብሩ ነበር። በሐዋርያት ስም የተጻፈውና በግእዝ «ሲኖዶስ» ተብሎ የሚጠራው የቀኖና መጽሐፍ ሁለቱንም ቀኖች ያከብራል። ከዚህም አልፎ ለአገልጋዮች ያዘነ ሕግ ይዟል፤ ይኸውም ባሪያዎች አምስት ቀን እንዲሠሩ፥ በቀዳሚት ሰንበትና በእሑድ ግን ከሥራ አርፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ትምህርት እንዲሰሙ የሚያዝዝ ነው። እንግዲህ ሰንበት ከመጀመሪያው የጸሎት ቀን ብቻ አልነበረም፤ ጌታ በሎሌው ላይ ያለውን ሥልጣን የሚወስን ቀንም ነበረ።

ዘመን እየቆየ ሲሄድ ግን በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሜ ክብር እየቀነሰ ሄደ። ኢትዮጵያ ደግሞ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ጳጳሷን የምትቀበለው ከዚያው ነበረ። ከግብጽ የሚመጡት ጳጳሳት ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው ብለው ይከለክሉ ነበር። የአገራችን መነኮሳት በበኩላቸው መጽሐፉን ገልጠው «ሐዋርያት ያዘዙትን ማን ይሽራል?» ይሉ ነበር። መጽሐፉና ጳጳሱ ሳይስማሙ በቀሩ ጊዜ ማን ይታዘዛል? የነገሩ ጭንቅ ከዚህ ላይ ነው።

ይህን ጭንቅ በራሱ ላይ ከተሸከሙት አባቶች ግንባር ቀደሙ አባ ኤዎስጣቴዎስ ነው። በገርዓልታ በአጎቱ በአባ ዳንኤል ዘንድ ተምሮ ከመነኰሰ በኋላ በሠራዬ ማኅበር አቋቁሞ ሁለቱ ሰንበታት እኩል እንዲከበሩ ማስተማር ጀመረ። ተቃዋሚዎቹ እየበዙ ስለ ሄዱ በ1337 ገደማ ከጥቂት ደቀ መዛሙርቱ ጋራ አገሩን ለቆ ወጣ። ወደ ግብጽ ወርዶ በእስክንድርያው ፓትርያርክ ፊት ሐሳቡን ገለጠ፤ ነገር ግን አልተቀበሉትም። ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ቆጵሮስም ተሻግሮ በመጨረሻ በአርመን አገር በ1352 ዐረፈ። ስለ አንዲት የዕረፍት ቀን ብሎ ዕረፍት ያጣ ሰው ቢኖር ይህ መነኵሴ ነው።

መምህራቸው ከሞተ በኋላ የተመለሱትና በአገር የቀሩት ደቀ መዛሙርት ትምህርቱን አልተዉም። አባ አብሳዲ የቆሐይኑን ደብረ ማርያም፥ አባ ፊልጶስ ደግሞ በሐማሴን ደጋ ጫፍ ያለውን ደብረ ቢዘንን መሠረቱ። ከጳጳሱ ጋራ ስላልተስማሙ ክህነት ከእርሱ አይቀበሉም ነበር፤ ሌሎቹ ካህናትም ከቤተ ክርስቲያናቸው ያርቋቸው ነበር። ክርስቲያን ሆኖ ከክርስቲያን ማኅበር መለየት ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ እነዚህ መነኮሳት ርቀው በሰፈሩበት አገር ወንጌል እየሰበኩ ቍጥራቸውን አበዙ እንጂ አልጠፉም።

ነገሩ እየከበደ በመሄዱ ቀዳማዊ ዐፄ ዳዊት በ1400 ጉባኤ አስጠራ። ሊቀ መንበሩ ጳጳሱ አቡነ በርተሎሜዎስ ነበሩ። አባ ፊልጶስና ባልንጀሮቹ ቅዳሜን እንዲተዉ ቢታዘዙ እንቢ ስላሉ ታሠሩ። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1404፥ ንጉሡ እንዲፈቱና በየገዳማቸው ሁለቱን ሰንበታት እንዲያከብሩ ፈቀደ። በቤተ መንግሥቱ ያሉት ካህናት ግን በጳጳሱ ሥርዓት እንዲጸኑ ሆነ። ይህ ብልህ ፍርድ ነው ማለት ይቻላል፤ ንጉሡ ጳጳሱን ሳያዋርድ መነኮሳቱን ከእሥራት አወጣ። ነገር ግን አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሁለት ልማድ ተከፍላ ስለ ቀረች ቍስሉ ተሸፈነ እንጂ አልዳነም።

ቍስሉን ለማዳን የተነሣው የዐፄ ዳዊት ልጅ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በ1434 ነገሠ። ይህ ንጉሥ የጦር ሰው ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ የሚመረምርና የሚጽፍም ነበረ። በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሲኖዶስን መጽሐፍ በነገሠ በስምንተኛው ዓመት ልኮላቸዋል። ከዚያም በ1450 በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰበ። ሁለቱ የግብጽ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል፥ የየገዳማቱም አለቆች፥ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከዚያ ተገናኙ። ስምምነቱም ሁለት ወገን ነበረው፤ ጳጳሳቱ የቀዳሚት ሰንበትን ክብር ተቀበሉ፥ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። እያንዳንዱ ወገን አንድ ነገር ሰጠ፥ አንድ ነገር ተቀበለ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውም መለያየት አበቃ። ንጉሡ «መጽሐፈ ብርሃን» በተባለው ድርሰቱ ሕዝቡ በሰንበታት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሰበሰብ፥ ካህናቱም ያለ ማቋረጥ እንዲያስተምሩት አዝዟል። በእርሱ አስተያየት ያልተማረ ሰው ከሥራ ቢያርፍም ሰንበትን አከበረ አይባልም።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ሳንደብቅ መናገር አለብን። ለኤዎስጣቴዎስ ልጆች የዕርቅ አባት የሆነው ይኸው ንጉሥ ለአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት የእሳት ዘመን ነበረ። እነዚህ መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ንጉሡ ባዘዘው ዓይነት አንሰግድም በማለታቸው ተገረፉ፥ ተሰደዱ፥ ተገደሉም። አለቃቸው እስጢፋኖስም በእሥራት ሞተ። ከስደት የተረፉት በአጋሜ አውራጃ በጉንዳጉንዲ ገዳም በእጃቸው ሥራና በመጽሐፍ ጽሕፈት የታወቁ ሆኑ። ስለ አምልኮት የተሰደዱትን ያስታረቀ እጅ ስለ አምልኮት ሌሎችን ሲያሳድድ ማየት ያሳዝናል፤ ነገር ግን ትምህርት ይሰጣል። ንጉሥ ሰውን በጒልበቱ ማንበርከክ ይችላል፤ ልቡን ግን ማንበርከክ አይችልም።

በ16ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ጥያቄው ከባሕር ማዶ መጣ። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝቦን ደርሶ ብዙ ዓመት በፖርቱጋል ተቀመጠ። በዚያ የነበሩ መምህራን ስለ ቅዳሜና ስለ ሌላውም ሥርዓት እየጠየቁ መናፍቅ እንደ ሆነ አድርገው ቆጠሩት፤ ሥጋ ወደሙን ከመቀበልም ከለከሉት። እርሱ ስለ ሃይማኖቱ የጻፈውን መልስ ዳምያን ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅ በ1540 በላቲን ቋንቋ አሳተመው፤ መጽሐፉም በፖርቱጋል እንዳይነበብ ተከለከለ። በእንግድነት አገር ብቻውን ቆሞ ስለ አባቶቹ ሥርዓት የተሟገተው ይህ ካህን ከዚህ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 ባወጣው የሃይማኖት መግለጫ ለዚሁ ክስ መልስ ሰጥቷል። የመልሱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፤ አይሁድ በሰንበት እሳት ባለማንደድ፥ ውሃ ባለመቅዳት፥ ምግብ ባለማብሰል ያከብራሉ፤ እኛ ግን ሥጋ ወደሙን በማቅረብና የፍቅር ማዕድ በማድረግ እናከብራለን ይላል። ይህን አነጋገር ልብ ብለን እንመልከተው። ንጉሡ የሰንበትን ክብር ከተከለከለው ነገር ይልቅ በሚደረገው በጎ ነገር መዘነው። በእርሱ አስተያየት ሰንበት ባዶ እጅ የሚታይባት ሳይሆን ለቅዳሴና ለድሃ የተዘረጋ እጅ የሚታይባት ቀን ናት።

ከገላውዴዎስ በኋላ የመጡት አንዳንድ ነገሥታት ግን ይህን ጥበብ አልተከተሉም። ዐፄ ዘድንግል በ1604 የቅዳሜን ክብር ሻረ፤ በዚያው ዓመትም በዐመፀኞች እጅ ሞተ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1620 ገደማ ሕዝቡ በቅዳሜ ሥራ እንዲሠራ ዐዋጅ ባወጣ ጊዜ የዳሞት ሰዎች ተነሡበት። ከዚያ ወዲያ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ሲቀበል፥ ዳግመኛ ጥምቀትና ዳግመኛ ክህነት ሲታወጅ፥ ዐመፁ በየአገሩ ተቀጣጠለ። በ1632 በወይና ደጋ በላስታ ዐመፀኞች ላይ ድል ቢያደርግም 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። በዚያው ዓመት ንጉሡ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ስለዚህ ሁሉ ደም ሰንበት ብቻዋን ምክንያት ነበረች አንልም። ነገር ግን ገበሬው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገውን ጥልቅ ክርክር ሁሉ ባይከታተል፥ በቅዳሜ ጧት «እረስ!» ሲባል የተነካበትን ነገር ፈጥኖ ዐወቀው። አምልኮቱ በቃል ብቻ ሳይሆን በቀኖቹ፥ በእጁና በበሬዎቹ ውስጥ ነበረና።

ዛሬም የሁለቱ ሰንበታት ሥርዓት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጸና ነው። በዐቢይ ጾም ስምንት ሳምንታት እንኳ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት ይታቀባሉ እንጂ እስከ ቀትር በኋላ ከእህል ከውሃ አይከለከልባቸውም። በትንሣኤ ዋዜማ ያለችው ቅዳሜ ብቻ ስለምትጾም «ቀዳም ስዑር»፥ ማለት የተሻረች ቅዳሜ፥ ተብላ ትጠራለች። የሌሎቹ ቅዳሜዎች ክብር ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህች ከአንዲቱ ስም ይታወቃል። ገላውዴዎስ የጠቀሰው የፍቅር ማዕድም ቢሆን አልጠፋም፤ ሰንበቴ የሚጠጡ ማኅበርተኞች ተራቸውን ጠብቀው ዳቦና ጠላ ወደ ደጀ ሰላሙ ያመጣሉ፥ ከቅዳሴ በኋላም ከካህኑ፥ ከእንግዳውና ከነዳያኑ ጋራ ይካፈላሉ። የሰንበትን ትርጕም በሚገባ ያስረዳ መምህር ቢፈለግ ከዚህ ማዕድ የሚበልጥ ያለ አይመስለንም።

ይሁን እንጂ አባቶቻችንን ስናመሰግን የጐደለውንም መናገር የታሪክ ጸሓፊ ግዴታ ነው። የሲኖዶስ መጽሐፍ ባሪያው ሁለት ቀን ይረፍ ብሎ ነበር፤ በቀሩት አምስት ቀናት ግን ባርነቱ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ቆየ። ሕጋዊ ፍጻሜውን ያገኘው በ1942 በወጣው ዐዋጅ ነው። ስለ ቀኑ አከባበር እስከ ሞት ድረስ የተከራከሩ ሰዎች፥ ቀኑ ስለ ምን እንደ ተሰጠ፥ ይኸውም የደከመው እንዲያርፍ መሆኑን፥ እስከ መጨረሻው ሳይከተሉት ቀሩ። አምልኮት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ እስከ እርሻው ደረሰ፤ እስከ ባሪያው ጐጆ ለመድረስ ግን እጅግ ረዥም ጊዜ ፈጀበት።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ምን ይተርፈናል? አብዛኞቻችን ሞፈር የምንይዝ ሳንሆን በቢሮና በትምህርት ቤት የምንውል ሰዎች ነን። እሑድ ጧት ነጠላችንን አጣፍተን ቅዳሴ ብናስቀድስ መልካም ነው። ነገር ግን ሰኞ ጧት ባለጉዳዩን ያለ ምክንያት «ነገ ተመለስ» ብለን የምናመላልሰው እንደ ሆነ፥ ተማሪውን በፊቱ አይተን የምናዳላ እንደ ሆነ፥ በቤታችን ያለችውን ሠራተኛ ሰባቱን ቀን ዕረፍት የምንነሣት እንደ ሆነ፥ ኤዎስጣቴዎስ አገሩን ለቆ የተሰደደላትን ቀን ያከበርናት በልብሳችን ብቻ ነው። ገበሬው ዓርብ ማታ ሞፈሩን ሲያቆም በሬዎቹም አብረውት ያርፋሉ። እኛም በሰንበት ስናርፍ ከእኛ ጋራ ማን እንዳረፈ፥ ማንስ ገና ቀንበር ተሸክሞ እንደ ቀረ ዘወር ብለን እንመልከት።