ከሰው ዐይን እስከ መሣሪያ፦ የኮድ ጥራት ቁጥጥር አጭር ታሪክ

አንድ ፕሮግራም መሥራቱ ብቻ በደንብ መጻፉን አያረጋግጥም። ዛሬ ያለ እንከን የሚሠራው ነገ ለሚያሻሽለው ባለሙያ የማይገባ ከሆነ፣ ዕድሜው ከጸሐፊው ትዝታ አይዘልም። ከዚህ የተነሣ «የኮድን ጥራት ማን ይቆጣጠር? በምንስ መለኪያ?» የሚለው ጥያቄ በሙያችን ውስጥ የቆየ ነው። በዚህ ጽሑፍ የጥያቄውን ጉዞ ጃንጎ እስከተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ድረስ ተከትለን፣ ለዕለት ሥራችን የሚሰጠውን ትምህርት እንመለከታለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1976 ሁለት መሠረታዊ ጽሑፎች ታተሙ። የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ማይክል ፋጋን፣ ባለሙያዎች በየድርሻቸው ተሰብስበው ኮድን በመመርመር ስሕተት የሚለቅሙበትን ሥርዐት አቀረበ። ቶማስ ማኬብ በበኩሉ በፕሮግራም ውስጥ ያሉትን የተለያዩ መንገዶች በመቁጠር ውስብስብነቱን በቁጥር የሚለካበትን ዘዴ አሳየ። አንደኛው በሰው ዐይን፣ ሁለተኛው በስሌት የሚታመን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ጆንሰን «ሊንት» የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ መሣሪያውም በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ ዕትም ጋር ወጣ። ስሙ በልብስ ላይ ተጣብቆ የሚለቀመውን ብናኝ የሚያመለክት ነው። ሊንት በሲ ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም ሳያንቀሳቅስ አንብቦ፣ አጠራጣሪውን ቦታ ብቻ ይጠቁማል። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር መፍጠን ስለነበረበት፣ ጥብቁ ምርመራ ለሌላ መሣሪያ ተተወ። ዛሬ የምንገለገልባቸው አጣሪዎች ሁሉ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ፓይተን በተባለው ቋንቋ ዘንድ ሥርዐቱ በ2001 በጽሑፍ ሰፈረ። የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ኮድ ከሚጻፍበት ይልቅ የሚነበብበት ጊዜ እንደሚበልጥ በመገንዘብ፣ ከባልደረቦቹ ጋር «ፔፕ 8» የተባለውን የአጻጻፍ መመሪያ አወጣ። መመሪያው አንድ መስመር ከ79 ፊደል እንዳይበልጥ ያዛል። ይህ ልክ 80 ፊደል ብቻ ያሳዩ የነበሩት የቀድሞ ተርሚናሎች ቅርስ ሲሆን፣ ከዚያም ወደ ኋላ ቢሄዱ አይ.ቢ.ኤም. በ1928 ባወጣው ባለ 80 ዐምድ ካርድ ላይ ይደርሳሉ።

ጃንጎ በ2003 በካንሳስ ግዛት በሚታተመው ሎረንስ ጆርናል ወርልድ ጋዜጣ ቤት ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉት በመሆኑ፣ እያንዳንዱ እንደ ልማዱ ቢጽፍ ኮዱ የማይነበብ ይሆን ነበር። ስለዚህ ፍሌክ 8 የተባለው አጣሪ ተተከለ፤ ይህም የስሕተት ፍለጋን፣ የፔፕ 8ን ደንብና የማኬብን መለኪያ አጣምሮ የያዘ ነው። የመስመሩም ልክ እስከ 119 ፊደል ድረስ ተፈቀደ።

ሆኖም አጣሪው ጉድለትን ይጠቁማል እንጂ አያርምም፤ ስለ ቅርጽ የሚደረገው ክርክርም አላበቃም። በ2018 ሉካሽ ላንጋ ያቀረበው «ብላክ» ግን ኮዱን ራሱ እንደገና ያሰልፋል፤ ለጸሐፊው የሚተወው ምርጫ እጅግ ጥቂት ነው። ጃንጎ በ2019 ይህን መሣሪያ ለመቀበል ወሰነ፤ ነገር ግን ብላክ ከሙከራ ደረጃ እስኪወጣ ታገሠ። በየካቲት 2022 መላው ኮድ በአንድ ጊዜ ተሰለፈ፤ የመስመሩም ልክ 88 ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር፦ መስመሮቹን ማን፣ መቼና ለምን እንደጻፋቸው የሚናገረው የጊት መዝገብ ሁሉንም ለአሰላላፊው ሰው ሊቈጥር ነው። ለዚህም የማሰለፉን ለውጥ ጊት በፍለጋው እንዲያልፈው የሚያዝዝ ዝርዝር ተዘጋጀ። ቅርጹ ሲታደስ የሥራው ታሪክ እንዳይጠፋ ታሰበ ማለት ነው።

ይህ ጸሐፊ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ባለማድረግ የሚደርሰውን በዐይኑ አይቷል። በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍያ ሒሳብ ለሚይዝ የጃንጎ ጥቅል አጣሪ ተክለን ነበር፤ ዳሩ ግን ያስጠነቅቃል እንጂ እንዲያግድ አላደረግነውም። ማስጠንቀቂያው ሲከመር ማንም ማንበብ ተወ። በክምሩ መካከል አንድ ስም ዋጋ ተሰጥቶት ሳይሠራበት መቅረቱን የምትናገር አንዲት መስመር ነበረች። በዚያ ስም የተቀመጠው ቅናሽ የተነሣለት ሒሳብ ነበር፤ ወደ መዝገብ የገባው ግን ቅናሽ የሌለው ነው። ደንበኞች አቤት ካሉ በኋላ ሁለት ቀን ደክመን ያገኘነውን ስሕተት መሣሪያው ቀድሞ ነግሮን ነበር። ጥፋቱም የእኛ እንጂ የእርሱ አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? መሣሪያ ሰዎች የተስማሙበትን ደንብ ይጠብቃል እንጂ ስምምነቱን አይፈጥርም። ደንቦቹ ጥቂትና ሁሉም የሚያምንባቸው ይሁኑ፤ አጣሪው በጥቅሉ የመጀመሪያ ቀን ይተከል፤ ያላለፈ ለውጥም ከዋናው ኮድ ጋር አይቀላቀል። አሮጌ ኮድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ክምሩ ይጽዳ። የቅናሹ መጠን ትክክል መሆን አለመሆኑን ግን አጣሪ አያውቅም፤ ይህ እንደ ፋጋን ዘመን ሁሉ የባልደረባን ዐይን ይጠይቃል። ቅርጹን ለመሣሪያ የምንተወው ዐይናችንን ለዚህ ለማትረፍ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእኛም ሙያ የሚስማማ ምክር ነው።