ያገለገለ ካሜራ በበይነመረብ ጨረታ መግዛት፦ ከመጫረት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ደርሶ በ1895 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የውጭ ዕቃ የማይጠፋባት ከተማ ናት። በታይዋን ገበያ ተዘዋውሮ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ማማረጥ ለነዋሪዋ እንግዳ አይደለም። የሠርግና የምርቃት ፎቶግራፍ ሥራ የሚጀምር ወጣት ግን ዛሬ ካሜራውን በእጁ ሳይነካ፣ በስልክ ላይ ባለው ምስል ብቻ ተማምኖ የሚጫረትበት መንገድ አለው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የዕቁብ ወይም ወላጅ ከብት ሸጦ የሰጠው በመሆኑ፣ አንድ የተሳሳተ ግዢ ሥራውን ሳይጀመር ሊዘጋው ይችላል።

ከበይነመረብ ጨረታዎች ስመ ጥር የሆነው ኢቤይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። መጀመሪያ የተሸጠበት ዕቃ መሰበሩ በግልጽ የተጻፈ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን፣ ዋጋውም 14.83 ዶላር ነበር። ዛሬም ቢሆን ከምስሉ ይልቅ ጽሑፉ ይበልጥ ይናገራል። «ያልተፈተሸ» ወይም «ለመለዋወጫ» የሚል ቃል ያለበትን ካሜራ እንደማይሠራ ቆጥሮ ማለፍ ይሻላል። በጃፓን ጨረታዎች «ጃንክ» ተብሎ የሚቀርብ ዕቃም ተመላሽ የለውም።

ተጫራቹ የሚከፍለውን ከፍተኛ ዋጋ አንድ ጊዜ ካስገባ፣ የኢቤይ ሥርዓት ከተፎካካሪው በጥቂቱ ብቻ እያስበለጠ ይጫረትለታል። ብዙ ሰው የሚጎዳው በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች በእልህ ሲጨምር ነው። ጣሪያው መወሰን ያለበት ደግሞ ሙሉ ወጪው ከተሰላ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪ ተደምሮ ነው፤ በዚያ ላይ እንደ ዕቃው ዓይነት 10 በመቶ ሱር ታክስና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከተላሉ። በርካሽ የተገኘ ካሜራ እዚህ ሲደርስ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። የካሜራ ዕድሜም የሚታወቀው በቀለሙ ማማር ሳይሆን ሻተር የተባለው መጋረጃ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ በሚያሳየው ቁጥር ነው። አምራቾቹ ለካኖን 70ዲ 100,000፣ ለኒኮን ዲ750 ደግሞ 150,000 ጊዜ ገምተዋል። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ በ75 ሠርግ 150,000 ይሞላል። በኒኮን ካሜራዎች ቁጥሩ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ይመዘገባል፤ ለአብዛኞቹ ካኖኖች ግን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በልዩ ፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ሻጩ ናሙናውን በቴሌግራም የሚልክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ መጠየቅ ይገባል፤ እንደ ፎቶ ሲላክ መረጃው ይጠፋል።

ለሌንስ ዋነኛው ጠላት ሻጋታ ነው። እርጥበት ባለበት አገር የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ያበቅላል፤ የድሬዳዋ ደረቅ አየር የነበረውን አያጠፋውም። በሌንሱ ውስጥ ባትሪ ተበርቶበት የተነሳ ምስል መጠየቅ ነውር የለውም። ከጃፓን የሚገዛ ሰው ደግሞ ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች የምናሌ ቋንቋቸው ጃፓንኛ ብቻ መሆኑን፣ በ100 ቮልት የሚሠራ የስቱዲዮ ፍላሽም በእኛ 220 ቮልት ሊቃጠል እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ሌላው አማራጭ በጉምሩክ የተወረሱ ዕቃዎች ጨረታ ነው። የጨረታ ማስከበሪያ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ባለበት ሁኔታ ስለሚሸጥም ለዕይታ በተፈቀደው ቀን በአካል መመልከት ግድ ይላል። ጥቅሙ የሚሰጠው ሰነድ ላይ ነው። ሰነድ የሌለው ካሜራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ባሉ የፍተሻ ኬላዎች ሊያዝ ይችላል።

በውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል የሚገዛ ሰው አንድ ነገር መርሳት የለበትም። ኢቤይ ዕቃው ከመግለጫው ጋር ካልተስማማ ገንዘብ የሚያስመልሰው ዕቃው በደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ ከተነገረው ነው፤ ከመጀመሪያው አድራሻ ወደ ሌላ ከተላከ ግን ዋስትናው ይቀራል። ስለዚህ ዘመድየው ካሜራውን ወደ ድሬዳዋ ከመላኩ በፊት ነጭ ግድግዳ አንስቶ የሴንሰሩን ንጽሕና፣ ሻተሩንና ባትሪውን እዚያው መፈተሽ ይኖርበታል።