ሕገ መንግሥትና የፎገራ ገበሬ

አንባቢያችን ሆይ! በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ከብቱን ሲያሰማራ ለኖረ ገበሬ ሕገ መንግሥት ምኑ ነው? ትሉን ይሆናል። እኛም የታሪክ ትምህርታችንን ስንከታተል ይኸንኑ ጠይቀናል።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣው በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. ነው። ከዚያ በፊት ሕግ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ ፍትሐ ነገሥትም፥ የርስት ልማድም ነበረ። ነገር ግን የንጉሠ ነገሥቱን፥ የምክር ቤቱንና የሕዝቡን ድርሻ ለይቶ የሚያሳይ ጽሑፍ አልነበረም። አርቃቂው ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 የወጣውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት በአብነት ተመለከቱ። አንቀጾቹም 55 ሆኑ።

በዚህ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጣሉ። «እስኪችል ድረስ» የተባለው ቀን ግን አልተቆረጠም። ማንም ሰው ከሕግ ውጭ እንዳይያዝና እንዳይቀጣ፥ ቤቱም እንዳይበረበር ተጽፏል። ሆኖም በጦርነትና በሕዝብ ላይ በሚደርስ መከራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ይኸን ሊያልፉት ይችሉ ነበር።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት በ1780 ሲወጣ ጆን አዳምስ ያረቀቀው ጽሑፍ በየከተማው ለተሰበሰበው ሕዝብ ቀርቦ ድምፅ ተሰጥቶበታል። የእኛው የተሰጠው በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን እዚያም ቢሆን እንደራሴ ይመርጥ የነበረው ንብረት ያለው ወንድ ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ. ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ 131 አንቀጽ ያለው ሆነ። በ1950 ዓ. ም. ሕዝቡ፥ ወንዱም ሴቱም፥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴዎቹን መረጠ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ለምክር ቤት ተመረጡ። ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር ድኻው ገበሬ መራጭ እንጂ ተመራጭ ለመሆን አልታደለም።

ከዚህ ሁሉ እኛን ያስገረመን የተያዘውን ሰው የሚመለከተው አንቀጽ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ከዳኛ ፊት ይቅረብ ካለ በኋላ፥ ፍርድ ቤቱ በእግር ከ48 ሰዓት በማያንስ ጊዜ ብቻ የሚደረስበት ሩቅ ከሆነ ዳኛው ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል ይላል። እነሆ ሕግ አውጭው አገሩን ያውቀው ነበር! መብቱ የተለካው በእግረኛ እርምጃ ነውና። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር በእግር ሁለት ቀን ስለማይፈጅ፥ በመንገድ ርቀት ማመኻኘት ለእኛ አገር ሹም አይበጀውም ነበር። የተጻፈው በተግባር ይፈጸም ነበር ወይ? አያቶቻችሁን ጠይቁ።

ያ ሕገ መንግሥት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ታገደ፤ ምክር ቤቱም ተበተነ። 48 ሰዓት ግን አልጠፋም። በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ. ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ይኸንኑ ልክ ይዞ፥ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ ከቁጥሩ ውጭ ይሁን ብሏል። የፎገራ ወረዳ ፍርድ ቤት ዛሬ እዚሁ ወረታ ነው። በክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳው ሲጥለቀለቅ ግን ከጣና ዳር ቀበሌዎች ወደ ከተማ ለሚመጣ ሰው «ተገቢ ጊዜ» ስንት ሰዓት እንደ ሆነ የሚያውቀው ውሃው ነው።